ቶም ሮቢንሰን በየዓመቱ ይፈረድበታል

በአሜሪካ አላባማ ግዛት ሞንሮቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪዎቿ ራሳቸው ተዋንያን ሆነው በየዓመቱ አንድ ቴአትር ያሳያሉ። የመጀመሪያው ክፍል በአሮጌው ፍርድ ቤት ግቢ፣ ሣሩ ላይ ይታያል። ከዚያ ከተመልካቹ መካከል አሥራ ሁለት ሰዎች ይመረጡና ወደ ውስጥ ገብተው የጁሪውን ወንበር ይይዛሉ። ተከሳሹ ቶም ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ ነው፤ ክሱ ነጭ ሴት አስገድዶ መድፈር። ንጹሕ መሆኑን የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ የለም። ድርሰቱ ግን እንደዚያ ነውና ጥፋተኛ ነው ብለው ይፈርዳሉ።

ቴአትሩ የተቀዳው የከተማዋ ልጅ ሃርፐር ሊ በ1960 ካሳተመችው "ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ" ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በ1962 ፊልም ሆኖ ለግሪጎሪ ፔክ ኦስካር አስገኘለት። እስካሁን ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ ብዙ አሜሪካዊም ያነበበው ትምህርት ቤት እያለ ነው።

ይህ ሁሉ ፍቅር ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ተራኪዋ ናት። ስካውት ታሪኩ ሲጀምር የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ አዋቂዎች የለመዱት ክፋት ለእሷ አዲስ ነው። ሌላው አባቷ ነው። ጠበቃው አቲከስ ፊንች ተሟጋችነቱን ሲቀበል እንደሚሸነፍ ያውቃል። ቶምን በደቦ ሊገድሉ የመጡ ሰዎችን እስር ቤቱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ፣ መሣሪያ ሳይይዝ ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ዓይነት አባት የማይመኝ ማን ነው? ከአንባቢዎቹ ልጆቻቸውን አቲከስ ብለው የሰየሙ አሉ። ልጁን ቶም ብሎ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት የሰየመ ሰው ግን አልተሰማም። ቶም ከእስር ሊያመልጥ ሲል 17 ጥይት ተተኩሶበት ይሞታል፤ መጽሐፉ ይህን በጥቂት ገጽ ነግሮን ወደ ልጆቹ ይመለሳል።

ታሪኩ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። የደራሲዋ አባት ኤ.ሲ. ሊ ጠበቃ ነበሩ። በ1919 በግድያ የተከሰሱ ጥቁር አባትና ልጅ ወክለው ቆሙ፤ ሁለቱም ተሰቀሉ። በ1931 እዚያው አላባማ ውስጥ፣ ስኮትስቦሮ ላይ፣ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ባቡር ላይ ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፍራችኋል ተብለው ተከሰሱ፤ በቀናት ውስጥ ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። በ1934 ደግሞ በሞንሮቪል ዋልተር ሌት የሚባል ጥቁር ሰው በተመሳሳይ ክስ ሞት ተፈረደበት። በኋላ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረለት፤ አእምሮው ታውኮ በ1937 በመንግሥት ሆስፒታል ሞተ። ያን ጊዜ የከተማዋ ጋዜጣ አዘጋጅ የሃርፐር ሊ አባት ነበሩ።

እስከዚህ ድረስ ያለው በብዙ ቦታ የተጻፈ ነው። ልብ የሚያቆስለው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

በ1986 ሞንሮቪል ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ነጭ ወጣት በሥራ ቦታዋ ተገደለች። ወራት አለፉ፤ ገዳዩ አልተገኘም፤ ሕዝቡም ተቆጣ። በ1987 ዋልተር ማክሚሊያን ተያዘ። ጥቁር ነው፣ ለወረቀት ፋብሪካ የሚሆን እንጨት እየቆረጠ የሚኖር። ከአንዲት ነጭ ሴት ጋር የነበረው ግንኙነት በከተማዋ ታውቆ ነበር። ገና ለፍርድ ሳይቀርብ የሞት ፍርደኞች ክፍል ውስጥ አስገቡት። ግድያው በተፈጸመበት ጠዋት እሱ ቤቱ እንደነበር፣ እዚያም ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ለማሰባሰብ ዓሣ እየተጠበሰ ይሸጥ እንደነበር ብዙ ጥቁር ምስክሮች ያውቁ ነበር። ችሎቱ ነጮች ወደሚበዙበት ወደ ጎረቤት አውራጃ ተዛወረ። አሥራ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር የተቀመጡበት ጁሪ በአንድ ቀን ተኩል ጨርሶ ጥፋተኛ አለው። ጁሪው ዕድሜ ልክ ይበቃዋል ቢልም ዳኛው ያንን ሽሮ ሞት በየነበት። የዳኛው ስም ሮበርት ኢ ሊ ኪ ነው፤ የባርነት ጎራውን ጦር በመራው ጄኔራል ስም የተጠራ። ልብ ወለድ ውስጥ ቢሆን አንባቢ "በዛ" ይል ነበር።

ጉዳዩን በይግባኝ የያዘው ወጣቱ ጠበቃ ብራያን ስቲቨንሰን ነው። ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ዋሽቻለሁ አለ። ይኸው ሰው በምርመራ ወቅት ማክሚሊያንን እንድወነጅል እየተገደድኩ ነው ብሎ ሲያማርር የተቀዳ ድምፅም ተገኘ፤ ከተከላካዮች ተደብቆ የነበረ ነው። በ1993 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ፤ ማክሚሊያን ስድስት ዓመት ያህል ሞትን ሲጠብቅ ከርሞ ወጣ።

ቀኖቹን ማስተያየት ነው። የከተማዋ ሰዎች የቶም ሮቢንሰንን ቴአትር ማሳየት ሲጀምሩ ማክሚሊያን ገና የሞት ፍርደኞች ክፍል ውስጥ ነበር። ስቲቨንሰን በ2014 ባሳተመው መጽሐፉ የከተማዋን ሰዎች በልብ ወለዱ መኩራት ያነሳዋል፤ ኩራቱ ሲያድግ ከባዱ እውነት ግን ሥር አልሰደደም ይላል።

ግብዝነት ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን መጽሐፉም እጁ አለበት። አንባቢውን ከጠበቃው ጎን ያስቀምጠዋል። ያንን መጽሐፍ የዘጋ ሁሉ "እኔ ብሆን አቲከስን ነበር የምሆነው" ይላል፤ "ጁሪው ውስጥ ብቀመጥስ?" ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በ2015 "ጎ ሴት ኤ ዋችማን" የተባለው ቀደም ብሎ የተጻፈ ረቂቅ ሲታተም፣ በውስጡ ያረጀው አቲከስ ጥቁርና ነጭ አብረው መማራቸውን የሚቃወም ሆኖ ተገኘ። አንባቢው አዘነ፣ ተቆጣም። አባቱን የተቀማ ያህል ነበር።

ዛሬ መጽሐፉ ከሁለት አቅጣጫ ይወቀሳል። በ1966 ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የትምህርት ቦርድ ጸያፍ ነው ብሎ አገደው። በ2022 ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት የሙኪልቲዮ ትምህርት ቦርድ ከግዴታ ንባብ አወጣው፤ የቀረበው ቅሬታ ጥቁሮቹ በገዛ ታሪካቸው አዳማጭ ሆነዋል፣ ነጩ አዳኝ ሆኗል የሚል ነው። ቅሬታው እውነት አለው። ቢሆንም የሚሻለው መጽሐፉን ከማክሚሊያን መዝገብ ጋር አጣምሮ ማስነበብ ይመስላል።

ማክሚሊያን ከተፈታ በኋላ አውራጃውን ከሰሰ። በ1997 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ሸሪፉ የግዛቱ ሹም እንጂ የአውራጃው አይደለምና አውራጃው አይጠየቅም አለ። ሸሪፉ ሥልጣኑ ላይ ቆየ። ማክሚሊያን በ2013 ሞተ። ዳኛ የጁሪን ውሳኔ ሽሮ ሞት መበየን የሚችልበትን ሕግ አላባማ ያስቀረችው ከዚያ አራት ዓመት ቆይታ፣ በ2017 ነው።