ከወለል በታች ያለ እሳት፤ ከሮም መታጠቢያ እስከ ራያ ምጣድ

ከወልድያ በስተ ሰሜን፣ በራያ ቆላ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ቆቦ ሞቃት ከተማ ናት። የቤት ወለል ማሞቅ በዚያ ማንንም አሳስቦ አያውቅም። ይሁን እንጂ ከሥሩ በሚነድ እሳት ገጹ እኩል እንዲግል የሚፈለግ አንድ የሸክላ ወለል በየጓዳው አለ፤ እርሱም ምጣድ ነው። መሐሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ የሆነ እንጀራ፣ አንዱ ጥግ ሞቆ ሌላው ከሚቀዘቅዝ ክፍል ጋር የአንድ ሕመም ሁለት ምልክት ነው።

የሕመሙ ታሪክ ረጅም ነው። የሮማ መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ምዕተ ዓመት ስለ መታጠቢያ ቤቶች ሲጽፍ፣ ወለሉ ቁመታቸው ሁለት ጫማ በሆነ የጡብ ምሰሶዎች ላይ እንዲያርፍ፣ የታችኛው ንጣፍ ግን ወደ ምድጃው እንዲያዘቀዝቅ መክሯል። ኳስ ቢወረወርበት ተንከባልሎ ወደ ምድጃው አፍ መመለስ ነበረበት፤ ይህም ነበልባሉ ከወለሉ ሥር በቀላሉ እንዲዳረስ ነው። ስለዚህ የቪትሩቪየስ ጭንቀት ስለ እሳቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ መንገዱም ነበር።

የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በተዋጉባት በኮሪያም ኦንዶል የሚባል ጥንታዊ ዘዴ አለ። የምድጃው ጭስና ሙቀት ከወለሉ ሥር በተሠሩ ቦዮች አልፎ በማዶ ይወጣል። የአገሩ ግንበኞች ለምድጃው የቀረበውን ድንጋይ ወፍራም፣ የራቀውን ቀጭን በማድረግ ሙቀቱን ለማመጣጠን ሞክረዋል። ልዩነቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በመሆኑም ሞቃቱ ሥፍራ ለሽማግሌና ለእንግዳ የሚለቀቅ የክብር ቦታ ሆነ። ስንጥቅ ጉድለትም ከብርድ የከፋ መዘዝ ነበረው፤ ከሰል ማገዶ በሆነበት ዘመን በተሰነጠቀው ወለል ሾልኮ የገባው መርዘኛ ጭስ ብዙ ሰው ገድሏል።

የራያ ቆላ የማሽላ አገር ነው፤ አገዳውም ከከብት መኖነት አልፎ ማገዶ ይሆናል። አገዳ ቶሎ ነዶ ቶሎ ይከስማል። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር ነበልባሉ መሐል ላይ ስለሚበረታ፣ ጋጋሪዋ ማገዶውን ወደየዳሩ እየገፋች ሙቀቱን በእጇ ታመጣጥናለች። ይህም ሳይጻፍ የኖረ ምሕንድስና ነው። በ1980ዎቹ በአገራችን የተስፋፋው ምርጥ ምድጃም የተነሣው ከዚሁ ነጥብ ነው፤ እሳቱን በሲሚንቶ ግድግዳ በመክበቡ፣ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ አድኗል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭሱን አስወገደ፤ ሕመሙን ግን አላስወገደም። በሸክላው ጀርባ በተቦረቦረ ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ የጋለ ሽቦ ይተኛል። እንጀራው ዐይን አላወጣ ሲል በመጀመሪያ ሊጡ ይወቀሳል፤ ቀጥሎም ሽቦው ይለወጣል። ምርመራው ግን ሥርዓት ይፈልጋል።

አንደኛ፣ ሙቀቱ በበቂ መጠን ይመነጫልን? ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ በረጅም መስመር ጫፍ 220 ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ 3.5 ኪሎዋት የነበረው ምጣድ ወደ 2.8 ገደማ ይወርዳል። ልኬቱም ምጣዱ በርቶ ሳለ መወሰድ አለበት። ሁለተኛ፣ ሙቀቱ እኩል ይዳረሳልን? የሽቦው ዙር በተራራቀበት ቀዝቃዛ ቀለበት ይፈጠራል፤ ተበጥሶ በማጠር የተቀጠለ ሽቦ ደግሞ ብዙ ጅረት ስቦ ዳግመኛ ይበጠሳል። ሦስተኛ፣ ወደ ላይ ያልፋልን? ልስኑ ረግፎ ሽቦው ከሸክላው ከተላቀቀ፣ በመካከል የገባው አየር ሙቀቱን ያግደዋል። አራተኛ፣ ወደ ታች ያመልጣልን? ከሥሩ መከላከያ የሌለው ምጣድ ከኃይሉ ከፊሉን ለቆርቆሮውና ለአየሩ ይገብራል።

በቧንቧ ውኃ የሚሞቅ ዘመናዊ ወለልም የሚመረመረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። የውኃው ሙቀት ይለካል፤ የየመስመሩ ፍሰትና በቧንቧ የታሰረ አየር ይታያል፤ የወለሉ ንጣፍ ውፍረት፣ በመጨረሻም ከሥር ያለው መከላከያ ይፈተሻል። መንገዱ ሳይታወቅ እሳት መጨመር ጉድለቱን ያጎላዋል እንጂ አያርመውም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ የሰሜን ወሎ ከተሞች መብራት ባጡ ጊዜ ጋጋሪው ወደ ጉልቻው ተመልሷል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የባከነ እፍኝ አገዳ የሴቶችና የልጆች ድካም ነበር። ለትልቅ ሕንፃ ማሞቂያ ቴርሞሜትር ይዞ የሚገባ ባለሙያ ወደ ጓዳም በዚያው መሣሪያ ቢገባ፣ ከቪትሩቪየስ ኳስ የማያንስ ቁም ነገር በምጣዱ ሥር ያገኛል።