እርሙ ያልወጣ ሐዘን፦ ካሽሚር በሕንድ ፊልም ዘፈን



የሕንድ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣብን ዘፈኑ ነው። ቋንቋውን ሳናውቅ ዜማውን እናንጎራጉር ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ዘፈኖች ስለተቀረጹባት ስለ ካሽሚር ጥቂት ልበላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ ለቆ ሲወጣ ሕንድና ፓኪስታን ተለያዩ፤ በዚያው ዓመት በካሽሚር የተነሳ ጦርነት ገጠሙ። ምድሪቱም እስከ ዛሬ እንደተከፈለች ናት። ፊልም ሠሪዎቹ ግን ለብዙ ዓመታት ያሳዩን ውበቷን ነበር። በ1964 በወጣው «ካሽሚር ኪ ካሊ» ሻሚ ካፑር በዳል ሐይቅ ላይ በጀልባ ሆኖ ለሚወዳት ልጅ ሲዘፍን ያየ ሰው፣ እዚያ አገር ሐዘን ይኖራል ብሎ አይጠረጥርም።

በ1989 በሕንድ አገዛዝ ላይ የትጥቅ አመፅ ተነሳ። በ1990 ፓንዲት የሚባሉት የሸለቆው ሂንዱዎች ግድያና ዛቻ ሲበዛባቸው ቤታቸውን ጥለው በብዛት ተሰደዱ። በወታደር ተወስደው ደብዛቸው የጠፋም ብዙ ናቸው። ባሏ ይሙት ይኑር የማታውቅ ሴት እዚያ «ግማሽ መበለት» ትባላለች። እኛ እርም ማውጣት የምንለው ለእሷ የለም። ሬሳው ካልተገኘ ለቅሶው መቼ ያልቃል?

ይህን ሐዘን በ2014 የወጣው የቪሻል ባርድዋጅ ፊልም «ሃይደር» በዘፈን አወጣው። ፊልሙ የሼክስፒርን «ሐምሌት» ወደ 1995 ካሽሚር ያመጣ ነው። አንድ ሐኪም ታጣቂ አክመሃል ተብሎ ይወሰዳል፤ ልጁም ፍለጋ ይወጣል። ያን ፍለጋ የሚያጅበው ዘፈን ስሙን ያገኘው ሸለቆውን አቋርጦ ወደ ፓኪስታን ከሚፈሰው ከጄለም ወንዝ ነው፤ የዘፈነውም ዳይሬክተሩ ራሱ ነው። በሌላው ዘፈን ሽማግሌ መቃብር ቆፋሪዎች በበረዶ ውስጥ እየቆፈሩ ያዜማሉ። ሐኪሙ የሚወደው ግጥም ደግሞ የፓኪስታናዊው የፋይዝ አህመድ ፋይዝ ነው፤ እሱም ከ1951 ጀምሮ አራት ዓመት የታሰረ ሰው ነበር። ድንበሩ ሰውን ቢከለክልም ዘፈኑን አልከለከለም።

ሆኖም ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የፓንዲቶቹ ስደት በዚያ ፊልም ዘፈኖች ውስጥ ቦታ አላገኘም። የአንዱ ለቅሶ ሲሰማ የሌላው እንባ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ በ1990 መባቻ በታጣቂዎች ዛቻ የሸለቆው ሲኒማ ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ጥቂቶቹ ቢከፈቱም አልዘለቁም። «ሃይደር» ሲወጣ በሸለቆው የሚሠራ ሲኒማ ቤት አልነበረም። በስሪናጋር እንደገና ሲኒማ የተከፈተው በ2022 ነው። ስለዚህ ለቅሶው በሌላው አገር አዳራሽ ሲሰማ፣ ባለቤቶቹ በአገራቸው አንድ ላይ ተቀምጠው የሚያዩበት አዳራሽ አልነበራቸውም።

ዘፈን የጠፋውን ሰው አይመልስም፤ መቃብሩንም አያሳይም። ነገር ግን መንግሥትም ታጣቂም ዝም በሉ ሲሉ፣ ሰው ነበረ ብሎ ይመሰክራል። እርም ማውጣት የሚጀምረውም ከዚያ ነው።