ጎል ያላገባው ሰው

ደብረ ታቦር ላይ፣ ከጉና በሚወርደው ብርድ ውስጥ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቆም ብላችሁ እዩ። በረኛ ልሁን የሚል የለም። «አንተ በር ጠብቅ» የሚባለው አንድም ትንሹ ነው፣ አንድም ኳስ የማይችለው።

የልጆች ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ያገቡትን ኳስ ወዳድ ሽማግሌ ሁሉ ይቆጥርላችኋል፦ ግርማ፣ ሉቺያኖ፣ ኢታሎ፣ መንግሥቱ። በረኛውስ? ስትሉት ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ጊላሚካኤል ነበር። ግብፆች ሁለት ጊዜ መርተዋል፤ እስከ 84ኛው ደቂቃ 2 ለ 1 ነበር። ያኔ ሦስተኛ ብትገባ ኖሮ የመንግሥቱ የ117ኛው ደቂቃ ጎል ከየት ይመጣ ነበር? ያልገባች ጎል ግን መዝገብ የላትም።

አሜሪካኖች በዚህ ይሻሉናል። በቤዝቦላቸው ኦዚ ስሚዝ የሚባል ተከላካይ ኳሷን መትቶ ከሜዳ ያስወጣው በ19 የውድድር ዘመን 28 ጊዜ ብቻ ነው፤ ለጀማሪ አጥቂ እንኳ ያሳፍራል። በመከላከሉ ግን 13 ጊዜ በተከታታይ የወርቅ ጓንት ሸለሙት፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ከታላላቆቻቸው አዳራሽ አስገቡት። ለጊላሚካኤል እንዲህ ያለ አዳራሽ እኔ አላየሁም።