የምስር ገበሬና የዓባይ ውሃ

የግብፅ ስም ሲነሣ በተማሪ ሁሉ ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው ፈርዖንና ፒራሚድ ነው። እኛም የታሪክ ትምህርት ስንጀምር እንዲሁ ነበርን። ካርታውን ዘርግተን ዓባይን ከጣና ጀምረን በጣታችን ወደ ሰሜን በተከተልነው ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ ገጠመን። ከአገራችን ተራራ ታጥቦ የሚወርደውን ይህን ሁሉ ውሃና አፈር እዚያ ታች ማን ተቀበለው? ምንስ አደረገበት? በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንሞክረው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ግብፅ በአፍሪካ ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ትገኛለች። በሰሜን ሜዲትራኒያን፥ በምሥራቅ ቀይ ባሕር፥ በደቡብ ሱዳን፥ በምዕራብ ሊቢያ ያዋስኗታል፤ በሲና በኩልም ከእስያ ጋር ትገናኛለች። ስፋቷ 1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ይህ ስፋት ያታልላል፤ ከመቶው እጅ ዘጠና አምስቱ ያህል በረሃ ነውና። የካይሮ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም በእኛ አገር በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ሊያወርደው የሚችለው ነው። ስለዚህ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጠው ሕዝብ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚኖረው በወንዙ ዳርና ዳር ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ነው።

ወንዙ ከአስዋን እስከ ካይሮ የሚሄድበት ሸለቆ ወርዱ በብዙ ስፍራ 20 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከካይሮ በታች ግን ረሺድና ዱምያጥ በሚባሉ ሁለት ቅርንጫፎች ተከፍሎ ዴልታ የሚባለውን ሰፊ ለም ሜዳ ይፈጥራል። ካርታ የሚያይ ሰው ደቡቡ ‹ላይኛው ግብፅ›፥ ሰሜኑ ‹ታችኛው ግብፅ› መባሉ ግር ሊለው ይችላል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ስሙ የወጣው የወንዙን አወራረድ በመከተል ነው። የጥንት ሰዎች ወንዙ ያለበሰውን መሬት ‹ጥቁር ምድር›፥ በረሃውን ‹ቀይ ምድር› ይሉት ነበር። ዛሬም በድንበሩ ላይ የቆመ ሰው አንዱን እግሩን በስንዴው፥ ሌላውን በአሸዋው ላይ ሊያሳርፍ ይችላል።

አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። የእኛ ክረምት ሲገባ ወንዙ በግብፅ በሰኔ መጨረሻ ገደማ መሙላት ይጀምር ነበር፤ በመስከረም መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ እርሻውን ሁሉ ይሸፍናል፤ በጥቅምትና በኅዳር ጐድሎ ጥቁር ደለሉን ትቶ ይሄዳል። ገበሬው በዚያ እርጥብ ጭቃ ላይ ስንዴውን፥ ገብሱን፥ ባቄላውንና ተልባውን ይዘራል። የጥንት ግብፃውያን ዓመቱን የከፈሉት በዚሁ ሥርዓት ነው፤ አራት ወር የውሃ ሙላት፥ አራት ወር የቡቃያ፥ አራት ወር የመከር። እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ሲሆን በመጨረሻ አምስት ቀን ይጨመርበት ነበር።

ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ወዲያው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይህች አምስት ቀን የእኛዋ ጳጉሜን ናት። የእኛም የግብፅ ክርስቲያኖችም አቈጣጠር ከዚያው ከጥንቱ የወጣ ነው። የእነርሱ ‹ቱት› ወር የሚብተው በእኛ መስከረም አንድ ቀን ነው። ሃይማኖቱ እስላም የሆነው ገበሬ እንኳ ስለ ዘርና ስለ አየር ሲናገር በእነዚህ ወሮች ይቈጥራል። ‹ጡባ›፥ ማለት ጥር፥ የብርድ ወር ነው፤ ‹አምሺር›፥ ማለት የካቲት፥ የነፋስ ወር ነው ይላል።

በትምህርት ቤት ዓባይ ግብፅን እንደ ፈጠራት ተምረናል። ነገር ግን ውሃ ብቻውን አገር አይሠራም። ሙላቱ በመጣ ጊዜ ውሃውን በግድብና በቦይ ይዞ ወደ እርሻው የሚመራ፥ በጐደለም ጊዜ ከወንዙ የሚቀዳ ክንድ ያስፈልገዋል። ለዚህ ሥራ ከሦስት ሺሕ ዓመት በላይ ያገለገለው ‹ሻዱፍ› ነው፤ ይኸውም በአንድ ጫፉ ባልዲ፥ በሌላው ጫፉ ሚዛን የሚሆን ጭቃ የታሰረበት ረዥም ምሰሶ ነው። ኋላም በበሬ የሚዞረው ‹ሳቂያ› የተባለው የውሃ መንኰራኵር መጣ። ይህን ሁሉ የሚሠራውን ገበሬ ግብፃውያን ‹ፈላሕ› ይሉታል።

ፒራሚዱንም የሠራው ይኸው ሰው ነው። የንጉሥ ኩፉ ታላቅ ፒራሚድ በ2560 ዓመተ ዓለም፥ ማለት ከክርስቶስ ልደት በፊት፥ ገደማ ሲሠራ 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋይ ገብቶበታል። ብዙ ሰው የሠሩት ባሮች ይመስሉታል። ነገር ግን ከ1990 ገደማ ጀምሮ በጊዛ የተቈፈረው የሠራተኞቹ መንደርና መቃብር ሌላ ነገር አሳይቶናል፤ ሠራተኞቹ እንጀራቸውንና ሥጋቸውን እየተቀበሉ የሠሩ፥ በክብርም የተቀበሩ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። በ2013 ደግሞ በቀይ ባሕር ዳር፥ በዋዲ አል ጀርፍ፥ ሜረር የተባለ የአንድ የሠራተኞች ጭፍራ አለቃ የዕለት መዝገብ ተገኘ። ሜረር ከነሰዎቹ ከቱራ ተራራ የተፈለጠውን ነጭ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ በዓባይና በቦይ ወደ ጊዛ ያመላልስ ነበር። ነገሥታቱ ስማቸውን በድንጋይ አጻፉ፤ የሜረር ስም ግን ከአራት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በኋላ የደረሰን በተቀዳደደች የፓፒሩስ ወረቀት ነው።

ከዚያ ወዲያ በግብፅ ላይ ብዙ ገዢ ተፈራረቀ። ፋርሶች በ525፥ እስክንድር በ332፥ ሮማውያን በ30 ከልደት በፊት መጡ። ዐረቦች ከ639 እስከ 642 ዓ.ም. አገሪቱን ያዙ፤ ፋጢማውያን በ969 ካይሮን ቈረቈሩ፤ ቱርኮች በ1517፥ ናፖሌዎን በ1798፥ እንግሊዞች በ1882 ገቡ። ቋንቋው ከግብፅኛ ወደ ዐረብኛ ተለወጠ፤ ጥንታዊው ልሳን በቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ውስጥ ብቻ ቀረ። ፈላሑ ግን ለመጣው ሁሉ ግብር እየከፈለ በሻዱፉ ሥር ቆየ። በካይሮ በሮዳ ደሴት በ861 የተሠራው የውሃ መለኪያ ዐምድ ዛሬም ቆሞ ይገኛል። ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ ዓመቱ ጥጋብ ነው ተብሎ ግብር ይታወጅ ነበር። ውሃው ባልመጣ ጊዜ ደግሞ ረኃብ ነው፤ በከሊፋው በሙስተንሲር ዘመን፥ ከ1065 እስከ 1072 ድረስ፥ የውሃው መጕደልና የወታደሮች ጠብ ተደርበው አገሪቱን ሊያጠፏት ደርሰው ነበር።

ከዚህ ሕዝብ ጋር ያለን ዝምድና የውሃ ብቻ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አትናቴዎስ አባ ሰላማን ቀብቶ ወደ አክሱም ከላከ ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ጳጳስ የሚመጣልን ከዚያ ነበር፤ በ1959 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆኑ። በእስልምናውም በኩል በአል አዝሀር ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች የጀበርት ማደሪያ ነበራቸው። የናፖሌዎንን መምጣት በዓይኑ አይቶ የጻፈው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱ ራሕማን አል ጀበርቲ ትውልዱ ወደዚሁ ወደ እኛ ወገን የሚቈጠር ነው።

መሐመድ ዐሊ ከ1805 እስከ 1848 በገዛ ጊዜ የፈላሑ ኑሮ ተናወጠ። ለአውሮፓ ፋብሪካዎች የሚሸጥ ረዥም ጭረት ያለው ጥጥ እንዲዘራ ታዘዘ። ጥጥ በበጋ ውሃ ስለሚፈልግ ጥልቅ ቦዮች በግዳጅ ሥራ ተቈፈሩ፤ ወደ እስክንድርያ የሚሄደው የማሕሙድያ ቦይ በ1820 ሲፈጸም በሺሕ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ሞተውበታል። ከ1859 እስከ 1869 የተቈፈረው የስዊዝ ቦይም መጀመሪያ በግዳጅ ነበር የተሠራው። ፈላሑ ለቈፈረው ቦይ ባለቤት የሆነው በ1956 መንግሥቱ በወረሰው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በ1952 አብዮት ተደርጎ፥ አንድ ሰው ከ200 ፈዳን በላይ መሬት እንዳይዝ በሕግ ተወሰነ፤ አንድ ፈዳን ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ብዙ ጭሰኛም በዚህ ሕግ የራሱን መሬት አገኘ።

አሁን ወደ ገበሬው ቤት እንግባ። የጥንቱ ቤት ከጭቃ ጡብ የተሠራ ነው፤ ዝናብ ስለማይፈራ ጣራው ጠፍጣፋ ነው፤ በላዩም አገዳና ጭድ ይከመርበታል። በአጠገቡ የርግብ ቤት እንደ ግንብ ይቆማል፤ የርግቡ ሥጋ ለምግብ፥ ኵሱ ለማዳበሪያ ይሆናል። ሰውየው ጋላቢያ የተባለውን ረዥም ቀሚስ ለብሶ በማለዳ በአህያው ወደ እርሻ ይወጣል፤ ጐሹ ወተት ትሰጣለች። ዳቦውን ግብፃውያን ‹ዓይሽ› ይሉታል፤ ትርጓሜውም ሕይወት ማለት ነው። በጥር 1977 መንግሥቱ የምግብ ዋጋ ሊጨምር ባሰበ ጊዜ ሕዝቡ በየከተማው መነሣቱን ስናስብ ስሙ በከንቱ እንዳልወጣ እንረዳለን። ቁርሱ ሌሊቱን በቀስታ ሲበስል ያደረ ባቄላ፥ ፉል ነው፤ በእኛም ከተሞች የታወቀ ነው። ምሳው በነጭ ሽንኩርት የተሠራ የሙሉኺያ ቅጠል ወጥ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ስኳር የበዛበት ሻይ ይከተላል። ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ‹ሸም አን ነሲም› የሚባለው የጸደይ በዓል ሲደርስ እስላሙም ክርስቲያኑም ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ መስክ ይወጣል፤ ጨው የጠጣ ዓሣ፥ ሽንኩርትና ቀለም የተቀባ እንቍላል ይበላል።

የእኛ አባቶች ‹‹ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል›› ይላሉ። ዓባይ ግን በመጨረሻ በአስዋን ማደሪያ አገኘ። ታላቁ ግድብ በ1960 ተጀምሮ በ1970 ተፈጸመ፤ በኋላው የተኛው ሐይቅ እስከ ሱዳን ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከዚያ ወዲህ ሙላቱ እርሻውን ሸፍኖ አያውቅም። ፈላሑ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ያመርታል፤ መብራትም ወደ መንደሩ ገባ። ነገር ግን ደለሉ በሐይቁ ውስጥ ስለ ቀረ ማዳበሪያ መግዛት ግድ ሆነበት፤ የዴልታው ዳርቻም በባሕሩ መበላት ጀመረ። በግብፅ በኩል 50,000 ያህል የኑብያ ሰዎች መንደራቸው በውሃ ሊዋጥ ስለ ሆነ በ1963ና በ1964 ተነሥተው ወደ ኮም ኦምቦ ሄዱ። የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ድንጋዩ እየተቈረጠ ወደ ከፍታ ሲወጣ፥ የእነዚህ ሰዎች ቤትና የተምር ዛፍ ግን ሰጠመ።

በ1984 ዝናብ በእኛ ተራሮች ላይ ቀረ። በአገራችን የሆነውን ወላጆቻችን ያውቁታል። በዚያው ዘመን ግብፅም የወንዙ ውሃ ጐደለባት፤ ነገር ግን ከሐይቁ እየቀዳች ስላለፈች ሕዝቧ አልተራበም። አንዱ ደመና ለሁለቱም ነበር የቀረው፤ ውሃ ያጠራቀመው ግን አንደኛው ብቻ ነበር። እኛም በ2011 የጀመርነውን ግድብ በ2025 መርቀናል፤ በዚህም ምክንያት በመንግሥታቱ መካከል ብዙ ክርክር ሆኗል። ክርክሩን ለሚያውቁት እንተወዋለን።

እኛ ተማሪዎች ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የተማርነው ግን ይህ ነው። በወንዙ ታች ያለው ሰው ፈርዖን አይደለም፤ በማለዳ በአህያው ወደ እርሻ የሚወጣ፥ ዳቦውን ሕይወት ብሎ የሚጠራ ገበሬ ነው። የጐጃም ገበሬም ከላይ ሆኖ አፈሩ በየክረምቱ ሲታጠብበት የኖረ የእርሱ ብጤ ነው። ሁለቱ ሳይተያዩ በአንድ ውሃ ለብዙ ዘመን አርሰዋል። የሁለቱ ልጆች ቢያንስ አንዱ የሌላውን ኑሮ ቢያውቅ፥ ነገ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ስለ ወንዙ በሚነጋገሩበት ጊዜ ባዳ ሆነው አይገናኙም ብለን እናምናለን።