መስቀላ፦ ፊት የማይሸፈንበት በዓል

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ለሰው ሲሸምን ይከርምና ነሐሴ ሲጋመስ ለራሱ ድንጉዛ ይጀምራል፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፣ ጥለቱ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ። መስቀል ሲቃረብ መወርወሪያውን አስቀምጦ ይሳፈራል። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ በሶዶ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ሸማኔ ብቻ የጫነ ነው የሚመስለው። ጥቂቱ እኛ ጋ፣ ምዕራብ ዓባያ ብርብር ላይ ይወርዳል፤ የቀረው የሐይቁን ዳር ይዞ ወደ አርባ ምንጭ ያልፍና ወደ ዶርዜና ጨንቻ ደጋ ይወጣል።

እኛ ጋሞዎች መስቀልን መስቀላ እንለዋለን፤ «ዮ መስቀላ!» ይባባላል ሰዉ። ወንዶቹ ለሰንጋ ሲያዋጡ፣ ሴቶቹ ቅቤ ሲያጠራቅሙ ነው የከረሙት። ብድር ያለበት ይከፍላል፣ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ከመስቀላ ሥጋ መቅረብ ነውር ነው። ከዚያ ለቁርጡ ዳጣ፣ ለቆጮው ቅቤ፣ ለጉሮሮ ቦርዴ።

በዓሉ ከክርስትና የመጣ ለመሆኑ ብዙ ምልክት አለው። የጥንቷ ብርብር ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖቱ ከምኒልክ ዘመቻ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ጋሞ ምድር ገብቶ እንደነበር ማስረጃ ናት። ከሰሜኑ ጋር የነበረው ግንኙነት ሲቋረጥ መስቀልና የረቡዕ ዓርብ ጾም በሕዝቡ እጅ ቀሩ፤ ሕዝቡም ከራሱ ሥርዓት ጋር አዋሃዳቸው። ዶርዜ ውስጥ የኖረው ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዳን ስፐርበር የጻፈውን እወደዋለሁ፦ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ። ከብታቸውን ግን ረቡዕም ዓርብም እንደ ሌላው ቀን ይጠብቃሉ!

የጾም ነገር ከተነሣ፣ በሌላው ዓለም ብዙ ቦታ ትልቁ ጭፈራ፣ ካርኒቫል፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ነው። ሃይቲ ውስጥ በዣክሜል ከተማ ሰዉ ከወረቀትና ከሙጫ በተሠራ ጭምብል ፊቱን ሸፍኖ፣ አውሬም ሰይጣንም ሆኖ አደባባይ ይወጣል። በካሪቢያን የባሪያ ልጆች በካርኒቫል ጌቶቻቸውን እየመሰሉ አሹፈውባቸዋል። የኛ አገር ቅበላ ግን ከቤት አይወጣም፤ ሥጋ ተበልቶ፣ ድስቱ ታጥቦ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ይጾማል። አደባባይ የሚያስወጣን መስቀላ ነው፤ እሱም ጭምብል የለውም።

በመስቀላ የሚለበሰው ማንነትን ለመግለጥ ነው። ሕዝቡን ደግሶ በማብላት ሀላቃ የሚባለውን ማዕረግ ያገኘ ሰው አናቱን ቅቤ ተቀብቶ፣ የሰጎን ላባ ሰክቶ በገበያው ዙሪያ በሰልፍ ይዞራል። ቅቤው በፀሐይ እየቀለጠ በግንባሩ፣ በጆሮው ግንድ፣ እስከ ትከሻው ይወርዳል፤ አይጠርገውም። የዓመቱ ሙሽሮችም ፀጉራቸው በቅቤ ርሶ ገበያ ይወጣሉ፤ ሶፌ ይባላል። ማን እንዳገባ፣ ማን ለወግ ለማዕረግ እንደበቃ በዚያ ቀን ሺህ ዓይን ያየዋል። ማዘጋጃ ቤት ባልነበረበት ዘመን መዝገቡ ገበያው ነበር ማለት ነው። ዝርዝሩ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ ቀኑም ቢሆን።

ይሁንና ከመዝገቡ ውጭ የተተዉ ነበሩ። ሸክላ ሠሪዎቹ ማናዎችና ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላዎች ሀላቃ መሆን አይፈቀድላቸውም ነበር። የዣክሜል ድሃ ጭምብሉን አጥልቆ ለአንድ ቀን ንጉሥ መሆን ይችላል። እንስራውን ሠርታ ገበያውን የምታደምቀው የማና እናት ልጅ ግን ያን ሰልፍ ዳር ቆሞ ከማየት በቀር ዕጣ አልነበረውም። ስለ ባህላችን ውበት የሚናገሩ ሰዎች ይህን ሲዘሉት እናደዳለሁ።

ደርግ ሲመጣ የሀላቃውን ድግስ እንደ ኋላ ቀር ልማድ ቆጥሮ ተጫነው። ጴንጤ የሆነው ዘመዳችንም ሰንጋውን እየበላ ቦርዴውንና ሰልፉን ተወ። ድንጉዛው ግን ከሁሉም ተረፈ። ድሮ የባለማዕረግና የጀግና ልብስ ነበር ይላሉ፤ ዛሬ አርባ ምንጭ ገበያ ላይ ከረባትም፣ ቦርሳም፣ የሴት ቀሚስም ሆኖ ይሸጣል። «ክብሩ ረከሰ» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እኔ አልስማማም፤ የማና ልጅም ገዝቶ ይለብሰዋልና።