የፊሽቦርን ቤተ መንግሥት የማን ነበር?

በደቡብ እንግሊዝ፣ ከቺቸስተር ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ፊሽቦርን የምትባል መንደር አለች። በ1960 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የውሃ ቧንቧ ለመቅበር ቦይ ሲቆፈር ከመሬቱ ሥር የጥንት ግንብ ወጣ። የቺቸስተር ነዋሪዎች ማኅበር ነገሩን ሰምቶ ዝም አላለም። በተከታዩ ዓመት በፋሲካ ሰሞን የሙከራ ቁፋሮ አስጀመረ። ሥራውን የመራው ባሪ ከንሊፍ ያኔ የ21 ዓመት ወጣት፣ ገና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ካዞላና ብሩሽ የያዙት ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ተማሪዎችና ዕረፍታቸውን አፈር ላይ ተንበርክከው ለማሳለፍ የመረጡ ሰዎች። በየዓመቱ እየተመለሱ እስከ አሥርቱ ዓመታት ማብቂያ ድረስ ቆፈሩ።

ያገኙት ነገር ከተጠበቀው እጅግ የላቀ ነበር። በ75 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ፣ አራት ክንፎቹ ሰፊ የአትክልት ቦታ የከበቡ፣ 100 ያህል ክፍሎች የነበሩት ቤተ መንግሥት ነው። ከአልፕስ ተራሮች በስተ ሰሜን ከታወቁት የሮማውያን መኖሪያዎች ትልቁ ይባላል። በ270 ዓ.ም. አካባቢ እሳት በላው፤ ከጣሪያው የቀለጠው እርሳስ በሞዛይክ ወለሉ ላይ ተንጠባጥቦ ቀርቷል።

ጎብኚ ሁሉ የሚያስታውሰው ዶልፊን የሚጋልበውን ክንፋም ልጅ፣ ኩፒድን፣ የሚያሳየውን ሞዛይክ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የአትክልቱ ቦታ ነው። የሮማ ዘመን አትክልተኞች የቁጥቋጦ አጥር ለመትከል ቦይ ቆፍረው በለም አፈር ሞልተውት ነበር። ከ1,900 ዓመት ገደማ በኋላ ቆፋሪዎቹ ያንን አፈር በመልኩ ከዙሪያው ለይተው፣ ስንዝር በስንዝር እየጠረጉ፣ የአጥሩን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ አወጡት። ዛሬ በዚያው መስመር ቁጥቋጦ ተተክሎ ይታያል። ሀብት ፍለጋ የሚቆፍር ሰው ይህን ረግጦት ያልፍ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን አሠራው? በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የባለቤቱን ስም የያዘ ጽሑፍ አልተገኘም፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም።

ከንሊፍ የጠቆመው የአገሬውን ንጉሥ ቶጊዱብኑስን ነው። ታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ ሮማውያን ለዚህ ንጉሥ ግዛቶችን እንደ ሰጡትና እርሱም በታማኝነት እንደ ጸና ጽፏል። በ1723 ደግሞ እዚያው ቺቸስተር ውስጥ፣ የአንጥረኞች ማኅበር ለኔፕቱንና ለሚኔርቫ ቤተ መቅደስ ማሠራቱን የሚናገር የተቀረጸ ድንጋይ ተገኝቷል። ፈቃዱን የሰጠው ራሱ ንጉሡ ነው፤ በድንጋዩ ላይ ጢባርዮስ ቀላውዴዎስ ተብሎ መጠራቱም የሮማ ዜግነቱን ከቀላውዴዎስ ቄሳር እንዳገኘ ይጠቁማል።

ሌላው ወገን፣ በተለይ አርኪዮሎጂስቱ ማይልስ ራስል፣ ግንባታውን ወደ ድምጥያኖስ ቄሳር ዘመን ያመጣዋል። የቤቱ አሠራር ቄሳሩ በሮም ያሠራውን ቤተ መንግሥት ይመስላል ይላል፤ ባለቤቱም የብሪታኒያ አገረ ገዥ ሳሉስቲዩስ ሉኩሉስ ነው ባይ ነው። ሉኩሉስ መጨረሻው አላማረም። የሮማው ጸሐፊ ስዌቶኒየስ እንደሚተርከው፣ አዲስ ዓይነት ጦር በራሱ ስም እንዲጠራ በመፍቀዱ ድምጥያኖስ አስገደለው። ታሪኩ ልብ ይሰቅላል፤ ሰው ወደዚህ ወገን ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

ሆኖም ቆፋሪዎቹ በደቡብ ምሥራቁ ጥግ ያገኙት ነገር አለ። ከትልቁ ቤተ መንግሥት በፊት፣ በኔሮን ቄሳር ዘመን ገደማ፣ እዚያ መታጠቢያ ያለው ሌላ ያማረ የግንብ ቤት ቆሞ ነበር። ትልቁ ቤት ሲሠራ አሮጌው አልፈረሰም፤ በአዲሱ ውስጥ ታቅፎ ተቀመጠ። ለጥቂት ዓመታት ተሹሞ የመጣ አገረ ገዥ ለአሮጌ ቤት እንዲህ የሚሳሳበት ምክንያት አይታየኝም። ይህ በዚያው ቦታ ኖሮ፣ በልጽጎ፣ ቤቱን ያሰፋ ሰው ሥራ ነው።

በ1990ዎቹ የሰሴክስ አርኪዮሎጂ ማኅበር ከቤተ መንግሥቱ በስተ ምሥራቅ እንደገና ቁፋሮ አካሄደ። ከአካባቢው የወጣ አንድ የወርቅ ቀለበት ጢባርዮስ ቀላውዴዎስ ካቱዋሩስ የሚል ስም ተቀርጾበታል። ንጉሡ አይደለም፤ ግን እንደ ንጉሡ የቄሳሩን ስም ከአገሬው ስም ጋር ያጣመረ ባላባት በዚያ መንደር እንደ ነበር ያሳያል።

በ1960ዎቹ ቤተ መንግሥቱ የተገኘበት መሬት ለቤት መሥሪያ ሊውል ሲል፣ የሮማ መንገዶችን በማጥናት የሚታወቀው ኢቫን ማርጋሪ ለመግዣው ገንዘብ ሰጥቶ አተረፈው፤ በ1968 ሙዚየሙ ተከፈተ። ዛሬ በእንግሊዝ ቅርስ አለበት ተብሎ በሚገመት ቦታ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የአርኪዮሎጂ ጥናት ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። የቧንቧው ቦይ በተቆፈረበት ጊዜ ግን ብዙው ነገር በነዋሪዎች ንቃት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ደቡብ ክንፍ አሁንም ከአውራ መንገዱና ሰዎች ከሚኖሩባቸው ቤቶች ሥር ነው።