የቤት መሥሪያ ፈቃድ የሚናገረው፣ አገራዊው ድምር የሚሸሽገው

ፖለቲከኞች ስለ ኢኮኖሚ ሲናገሩ የሚጠቅሷቸው ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ ያለፈውን የሚተርኩ ናቸው። የሥራ አጡ ቁጥር የሚያሻቅበው ሠራተኛው ከተሰናበተ በኋላ ነው። የቤት መሥሪያ ፈቃድ ግን ከዚህ ይለያል። በአሜሪካ ቤት ሠሪው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ፈቃድ ያወጣል፤ ይህንንም የሚያደርገው ባንክ እንደሚያበድረውና ገዢ እንደሚመጣ ሲያምን ነው። የአናጢው ደመወዝ፣ የእንጨቱና የሲሚንቶው ገበያ ሁሉ ፈቃዱን ተከትለው ይመጣሉ።

ታሪክ ይህን ደጋግሞ አሳይቷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1925 በአሜሪካ ከገጠር እርሻዎች ውጭ ወደ 937 ሺህ መኖሪያ ቤቶች መሠራት ጀምረው ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በየዓመቱ ወረደ፤ በ1933 ወደ 93 ሺህ ደረሰ። የአክሲዮን ገበያው የተንኮታኮተው በ1929 መሆኑን ልብ ይሏል። ዎል ስትሪት ሲጨፍር አናጢው ሥራ መፍታት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ከሁሉም ቀድሞ የተሰናከለው ደግሞ የፍሎሪዳ የመሬት ግርግር ነበር።

ለመሆኑ አገራዊው ድምር ብቻውን ይበቃልን? በእኔ እምነት አይበቃም። በ1986 በመላው አሜሪካ ከ1 ሚሊዮን በላይ የአንድ ቤተሰብ ቤት ፈቃዶች ተሰጥተዋል። ድምሩን ብቻ ላየ ሰው አገር አማን ነበር። በዚያው ዓመት ግን የነዳጅ ዋጋ በመውደቁ ሂውስተን ውስጥ ባዶ ቤቶች ተደርድረው ነበር። የቴክሳስ የቁጠባና ብድር ተቋማትም አንድ በአንድ ወደቁ፤ ዕዳው በመጨረሻ በመላው አገር ግብር ከፋይ ጫንቃ ላይ አረፈ።

የአንድ ቤተሰብ ቤቶች ከአፓርታማ ተለይተው የሚታዩትም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ትልቅ ፎቅ በአንድ ወር የሚሰጠውን የፈቃድ ቁጥር ሊያሳብጥ ይችላል። ነጠላው ቤት ግን የተራውን ቤተሰብ ኪስና የባንክን ወለድ በቅርብ ይከተላል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2005 ነው። በዚያ ዓመት ወደ 1.68 ሚሊዮን የአንድ ቤተሰብ ቤት ፈቃዶች ተሰጡ። ከሴፕቴምበር በኋላ ቁልቁለቱ ተጀመረ። በማርች 2007 የማዕከላዊ ባንኩ ሊቀመንበር ቤን በርናንኬ፣ የመክፈል አቅማቸው ደካማ ለሆኑ ሰዎች የተሰጠው ብድር ያስከተለው ችግር ሳይስፋፋ የሚገታ እንደሚመስል ለምክር ቤት ተናገሩ። በዚያው ዓመት የምጣኔ ሀብት ሊቁ ኤድዋርድ ሊመር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከደረሱት 10 የኢኮኖሚ ድቀቶች 8ቱን የቤት ግንባታ መዳከም እንደቀደማቸው አስረዳ። ድቀቱ በዲሴምበር 2007 ጀመረ፤ በ2009 የነጠላ ቤት ፈቃድ ወደ 441 ሺህ ወርዶ ነበር።

የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ወርሃዊውን አሐዝ ሰሜን ምሥራቅ፣ መካከለኛው ምዕራብ፣ ደቡብና ምዕራብ ብሎ በአራት ይከፍለዋል። ይህም ቢሆን የራሱ መጋረጃ አለው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከቴክሳስና ከፍሎሪዳ ጋር «ደቡብ» ተብለው ይቆጠራሉ። ፍሎሪዳ ስትፈራርስ ቴክሳስ የተሻለ ተቋቁማለች። ለዚህም በቤት ዋስትና የሚወሰድን ተጨማሪ ብድር ከቤቱ ዋጋ 80 በመቶ እንዳያልፍ የሚገድበው የግዛቲቱ ሕግ አንዱ ምክንያት ተደርጎ ይጠቀሳል። እናም በደቡብ ድምር ብቻ ተመርቶ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው የጎረቤትን ትኩሳት ለክቶ ለራሱ መድኃኒት እንደሚወስድ ይቆጠራል።

ፈቃድ ነቢይ አይደለም። የ2001ዱ ድቀት የመጣው የቤት ግንባታ ሳይወድቅ ነው። በተቃራኒው በ2022 የቤት ብድር ወለድ ከ7 በመቶ ሲያልፍ፣ በ2021 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የነበረው የነጠላ ቤት ፈቃድ ከ1 ሚሊዮን በታች ወረደ፤ የተፈራው ድቀት ግን አልተከተለም።

እንግዲህ የእኔ ትዝብት ይህ ነው፦ ሹማምንት አገራዊውን አማካይ ይዘው ሲቀርቡ የኛ ድርሻ «የት?» ብሎ መጠየቅ ነው። አማካይ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የለም። ከ1925ቱ ፍሎሪዳ እስከ 2005 ድረስ ችግሩ ከአንድ አካባቢ ተነስቶ ወደ ሌላው ሲዛመት፣ ቀድሞ የተጎዳውን የሚሰማው አልነበረም። ቁጥሩ በየወሩ በአደባባይ ይወጣ ነበር፤ የጠፋው በየአካባቢው ለይቶ የሚያነበው ሰው ነው።

ቸር ይግጠመን።